መኪናዬ ጋራዥ ወሰደችኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መኪናዬ እኔን አስነሳችኝ። ከእንቅልፍ ቀሰቀሰችኝ ማለቴ አይደለም። ቁልፉን ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ከትታ አዞረችው። ደረቴ ተንገራገጨ፣ ደጋግሞ አሳለኝና ተነሳሁ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትንተፋተፈው?» አለችና ጀርባዬ ላይ ወጣች።

ደነገጥኩ። አሮጌ ብትሆንም መኪና ናት፤ ክብደቷ የመኪና ክብደት ነው። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን መንገዱ ነው። ደሴ ከላይ እስከ ታች መኪና ባዘሉ ሰዎች ተጨናንቃለች። ጎረቤቴ ሙሉ የጭነት መኪና ከነአሸዋው ተሸክሞ ላቡን እየጠረገ «እንዴት አደርክ?» ይለኛል። አንድ ቀጭን መምህር አውቶቡስ አዝሎ እያነከሰ አለፈኝ። ወይ ጉድ የሚል ሰው አላየሁም። የገረመው እኔን ብቻ ነው።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አልኳት።

«ሰርግ ነዋ! እህትህን ልናደርስ። ቃል ገብተህ የለም እንዴ?»

ይህን ስትል፣ ሕልም ውስጥ ሆኜም ቃሌን አስታወስኩ። ቃሉ የእውነት ነውና። ታናሽ እህቴ ሰርካለም የምትዳረው ዛሬ ነው፤ በሕልም ሳይሆን በእውን። የሙሽራው ቤተሰቦች አዲስ መኪና ተከራይተን እንላክልሽ ቢሏት፣ «በወንድሜ መኪና ካልሆነ ከቤት አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። አባታችን ካረፈ በኋላ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት በዚችው መኪና ነው። ችግሩ የሙሽራው ቤት ጦሳ ተራራ ጎን ላይ መሆኑ ነው። ባለፈው ወር ለልቅሶ በዚያው ዳገት ስንወጣ፣ መኪናዬ ትንፋሽ አጥሯት መሀል ላይ ቀጥ አለች። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ባልቴቶች ወርደው ገፏት። ሰርካለም ያን ዕለት አብራን ነበረች። «ወንድም ጋሼ፣ እኔንም በቬሎዬ ጭቃ ውስጥ እንዳታወርደኝ» አለችኝ። «እኔ ልሙት፣ ጫማሽ ጭቃ አይነካም» አልኳት።

ሕልሙ ግን ይህን ሁሉ አስቤ እስክጨርስ አልጠበቀኝም። ዳገቱ ላይ ነበርኩ። ትንፋሼ ይቆራረጣል። ከኋላዬ ያሉት መኪኖች የተሸካሚዎቻቸውን አፍንጫ እየጨመቁ «ጲጵ! ጲጵ!» ያስብሏቸዋል።

«ቁም!»

ነጭ ጓንት ያጠለቀች ፍየል ፊሽካ ነፋች። አጠገቧ ትራፊክ ፖሊሱ እንጨት ላይ ታስሮ ሣር ያመነዥካል።

«የሰው መንጃ ፈቃድ!» አለች ፍየሏ።

መኪናዬ አውጥታ ሰጠቻት። ፍየሏ ፊትና ኋላውን አገላብጣ አየችውና በላችው። አላምጣ ስትጨርስ፣ «ትክክለኛ ነው» አለች። «ግን ይህ ሰው ለምንድን ነው የሚያጨሰው?»

ጆሮዬን ነካሁ። እውነትም ጥቁር ጭስ ይወጣል።

«ምን ላድርገው ብለሽ ነው?» አለች መኪናዬ። «ዱሮ እንዲህ አልነበረም። አሁን ሲበላ ለጉድ ነው፣ ዳገት ሲያይ ግን ይለግማል።»

«ጋራዥ ውሰጂው፤ አለዚያ ታርጋውን እፈታዋለሁ።»

ታርጋዬ የት እንዳለ ስለማላውቅ ይበልጥ ደነገጥኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄን ኋላዬ አድርጌ መቀመጫዬን ሸፈንኩ።

ወዲያው ጋራዥ ውስጥ ነበርን። መኪኖች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ናፍታ በብርጭቆ ፉት እያሉ ሰው ያማሉ። «የኔው ጥርሱን በሙሉ ቀየርኩለት፣ አሁን ደግሞ ጉልበቱ ይንቋቋ ጀመር» ይላል አንዱ። «ሽጠው» ይለዋል ሌላው። «ማን ይገዛዋል? አንዴ ተጋጭቷል እኮ፤ ሚስት አግብቷል!» ሁሉም በጥሩምባቸው ሳቁ። ሰዎቹ ደግሞ በክሪክ ወደ ላይ ተነስተዋል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከላይ ላቡን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ሥሩ ጣሳ ተቀምጦለታል። «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ፣ «እኔ ጋስኬቴ ነው።»

መካኒኩ ቀለሙ የተላጠ፣ ሰማያዊና ነጭ የድሮ ውይይት ታክሲ ነበር። ሸምግሏል፤ በሮቹ በሽቦ ታስረዋል። የፊት መብራቱን አብርቶ አፍንጫዬ ውስጥ ተመለከተ።

«አገኘሁት!» አለ። «እዚህ ውስጥ አየር የምትለካ ቀጭን ፀጉር አለች። አቧራ ለብሳለች። ብዙ አየር ሲገባ ትንሽ ነው ብላ ትዋሻለች። ሆዱም እሷን አምኖ ምግቡን ያዛባበታል። ታዲያ በምን ጉልበቱ ዳገት ይውጣ?»

ክው ብዬ ቀረሁ። ይህን እኮ ቃል በቃል መካኒኬ ስለ መኪናዬ ነግሮኛል! ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትለካ ሴንሰር አለች፤ ውስጧ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች፤ ሽቦዋን ቆሻሻ ሲይዛት ሞተሩን ታሳስተዋለች። «የራሷ ስፕሬይ አላት» ብሎ ሸጠልኝ። «ፈታ አድርገህ ራቅ ብለህ ንፋባት፣ በራሷ ጊዜ ትድረቅ፣ ከዚያ ግጠማት። በጣትህም ሆነ በጨርቅ ሽቦዋን እንዳትነካ!» ትናንት አመሻሽ ላይ እንዳለኝ አድርጌ፣ መስኮቱ ሥር ንጹሕ ፎጣ ላይ አስቀመጥኳት። ቶሎ ነው የምትደርቀው። እኔ ግን ነገሩ የእህቴ ሰርግ ነውና አድራ በደንብ ትድረቅ አልኩ።

ቤቱ ከገጠር በመጣ ዘመድ ሞልቶ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩት አጎቴ፣ ጋሽ አሊጋዝ፣ ፎጣው ላይ ጎንበስ ብለው ሴንሰሯን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንዲህ እፍ ብለህባት ልትተዋት ነው እንዴ ይመር? ያልፈተጉት ነገር ታጠበ አይባልም!» አሉኝ። «ይቆይ ግድ የለም ጋሼ» ብዬ ስቄ አለፍኩ።

ውይይቱ ታክሲ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያልፈተጉት ነገር ታጠበ አይባልም!» አለና ከመሳቢያው የጥርስ ብሩሽ አወጣ። ብሩሹ አረንጓዴ ነው። ኧረ የኔ ብሩሽ ነው! ቤንዚን ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው።

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። «ስፕሬይ ነው የሚነፋባት! በብሩሽ ከነኳት ትበጠሳለች!»

መኪኖቹ ዞረው አዩኝ።

«ዘንድሮ ደግሞ ሰው መናገር ጀመረ?» አለች አንዷ።

«ስምንተኛው ሺህ!» አለ ጓደኛዋ፣ ናፍታውን ፉት እያለ።

ሁለት ባጃጆች እጄንና እግሬን ያዙኝ። ወደ መኪናዬ ዞርኩ። «አንቺ እንኳ ንገሪያቸው እንጂ! ስንት ዘመን አብረን ኖርን! እኔ አንቺን በብሩሽ ነክቼሽ አውቃለሁ?» አልኳት። ልቅሶ ቀረሽ ነበርኩ። መስታወቷን ዝቅ አድርጋ አየችኝና፣ «ባለሙያ ሲነካህ ዝም በል፤ እኔም ዝም እል የለም?» አለችኝ።

በዚህ መሀል የጋራዡ ግድግዳ ተንሸራቶ ወደቀና ያ ዳገት ወለል ብሎ ታየኝ። አናቱ ላይ ዳስ ተጥሏል። ሰርገኞቹ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ ማዶ ቀብር ላይ ያሉት እልል እያሉ ይጨፍራሉ። ዳገቱ ሥር ሰርካለም ቬሎዋን ለብሳ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሚዜዎቹን በሙሉ ከነከረባታቸው ጀርባዋ ላይ አዝላለች፤ እነሱም «ቶሎ በይ እንጂ» ይሏታል።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ። አልጮኸችም። «ቃልህስ?»

መጣሁ ልላት አፌን ስከፍት ብሩሹ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ውይይቱ ፈተገኝ። እያፏጨ ፈተገኝ። እንባዬ፣ ላቤና ጭሴ አንድ ላይ ወረደ። ከውስጤ አንዲት ቀጭን ነገር ጧ ብላ ስትበጠስ ሰማሁና ጮኼ ነቃሁ።

ነግቷል። አፍንጫዬን ዳሰስኩ፤ በቦታው ነው። ጀርባዬ ላይ መኪና የለም። ከጓዳ የሴቶቹ እልልታ ይሰማል፤ የሚያለቅስ የለም። ተመስገን አልኩ። ሰርካለምን ሙሽራው ቤት አድርሼ ስመለስ ይህን ሕልም ለዘመድ ሁሉ አውርቼ እንዴት እንደማስቃቸው እያሰብኩ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ብሩሼን አንስቼ ሳሙና ቀባሁበትና አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ቤንዚን!

ተፋሁት። ምላሴ እየተቃጠለ ቀና ስል፣ ጋሽ አሊጋዝ ግቢው መሀል እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ሴንሰሯን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው እያገላበጡ ፈገግ ይላሉ። ከቤት ውስጥ ሰርካለም፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ለብሼ ጨርሻለሁ፤ መኪናህን አስነሳ!» ትላለች።

«ና እይልኝ ይመር!» አሉኝ አጎቴ። «አሁን ታጠበች ይባላል። ውስጧ አንዲት ፀጉር የመሰለች ነገር ተጋርጣባት፣ ለካስ አየሩን የከለከለቻት እሷ ናት። ነቅዬ ጣልኩልህ!»