የአቶ ዳልጮ መኪና አይጨስም

በአርባ ምንጭ የሚጨስ መኪና የሸጠ ሰው የለም። የሚጨስ መኪና የገዛ ግን ሞልቷል። ይህን እንቆቅልሽ የፈቱልኝ ክቡር አቶ ዳልጮ ናቸው።

እሳቸውን የማያውቅ የለም፤ በየሰፈሩ አንድ አንድ አሉ። መኪናቸውን ለመሸጥ ሲነሡ ልጁን እንደሚድር አባት ድምፃቸው ይወፍራል። ስለ አሮጌው የናፍጣ ፒካፕ ሞተር ሲጠየቁ ስለ ጠባዩ ይመልሳሉ። ታማኝ ነው፣ ለፍቶ አዳሪ ነው፣ ሰው ፊት አዋርዷቸው አያውቅም። ከማርሚታው ስለሚወጣው ጥቁር ነገር የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘም መልሱ አንድ ነው፦ «እሱ ጭስ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው።»

መኪና የሚያስሞክሩበት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ገዢውን በከተማው ላይኛ ሰፈር በሴቻ ይቀበሉታል። ጋቢና ያስቀምጡታል፤ ገዢ የክብር እንግዳ ነዋ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ። ቁልቁለት ላይ ጨዋ የማይሆን ሞተር የለም፤ ቢያጨስም የክብር እንግዳ አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ አያይም። ሲቀላ ሲደርሱ ለስላሳ ይጋብዛሉ። ዳገቱን ስለ መመለስ ያነሣ ሰው ጨዋታ አበላሸ ይባላል።

በዚህ ሥርዓት አንድ ጂፕ ድረዋል። ገዢው ለዓመታዊው ምርመራ ወስዶት በጭሱ ሲወድቅበት፣ እኔ ዘንድ ሳለ ደህና ነበር አሉት። በእኛ ዘንድ ልማዱ ይኸው ነው፤ ውል ከተፈረመ ጭሱ የገዢ ነው።

በ1990 በልግ ሊገባ ሲል አገኘሽ መጣች። አገኘሽ ሙዝ ነጋዴ ናት፤ የመጣችውም ከላንቴ መንደር ስለሆነ የወረደችው ሲቀላ ነው። አቶ ዳልጮ ይህን አላሰቡበትም። ከሲቀላ የሚሞከር መኪና መሄጃው ሽቅብ ነው። እኔ ለውሉ ምስክርነት ተጠርቼ እዚያው ነበርኩ።

እሳቸው የጋቢናውን በር ከፍተው እጅ ነሡ። እሷ ጎማውን ረግጣ ጭነት ማስቀመጫው ላይ ወጣች።

«የምጭነው ሙዝ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ሙዙ የሚያየውን ልይ።»

ሴቻ ስንደርስ ነጭ ነጠላዋ የጋራዥ ጨርቅ መስሏል። አቶ ዳልጮ ስለ ትንፋሽ ጀመሩ። ትንፋሹ ይህ ከሆነ ሳንባው ይታከም አለቻቸው።

ሆኖም መኪናውን ፈለገችው። በአቅሟ የተገኘው እሱ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ የጭነት መኪኖች ከአስፋልት አይወርዱም፤ ዝናቡ ከጣለ ደግሞ ጋሪ ከማሳ አይወጣም። ፒካፑ ምርመራ ካላለፈ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ ትራፊክ ያስቆማታል፤ ሙዙም ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቁርጡን ነገረቻቸው። መኪናውን ራሳቸው አስመርምረው ካሳለፉት ትፈርማለች።

አቶ ዳልጮ ደነገጡ። «ልጅ ከተዳረች በኋላ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ባሏ ነው።»

«ገና አልዳሩም» አለች አገኘሽ።

መርማሪዎቹ ከሌላ ከተማ መጥተው የሚቆዩት ለሳምንት ነበር። ተራ ሲደርሰን አንዱ ወጣት መርማሪ ነጭ ጨርቅ ማርሚታው አፍ ላይ ይዞ ነዳጅ እንዲሰጡ አዘዘ። ጨርቁ ከሰል ሆኖ ተመለሰ።

«ለዚህ ኃላፊው ማነው?» አለ መርማሪው።

ይህን ጥያቄ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄያለሁ። ሁሉም «የሚመለከተው አካል» ይሉኛል። አቶ ዳልጮ አገኘሽን አዩ። እሷ ዓይኗ በላንቴ በኩል በተከመረው ደመና ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጭሱ የእኔ ነው።»

ከዚያ መኪናውን መካኒኩ ካሳ ጋራዥ አስገቡት። ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎች ወጡ፣ የነዳጁ ፖምፓ ተፈታ። አቶ ዳልጮ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው አስታመሙት። ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይቆጡ ነበር። ካሳን ግን አላስቀመጡትም፤ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ቀስ በል፣ ቀስ በል ይሉታል። ካሳ በመጨረሻ ወይ እርስዎ ይውጡ ወይ እኔ ልውጣ አላቸው። ማንም አልወጣም።

መርማሪዎቹ ሊሄዱ በተዘጋጁበት ቀን ተመለስን። ጨርቁ ትንሽ ግራጫ ብቻ ሆነ። መርማሪው ገልበጥ አድርጎ አየውና መኪናውን አሳለፈው። አገኘሽ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጠፈች፣ ውሉ ላይ ፈረመች፣ ሞተሩን አስነሣች። ምስጋናዋ አጭር ነበር፤ ሙዝ አይጠብቅም። ደመናውም ቀርቧል።

አቶ ዳልጮ አስፋልቱ ዳር ቆመው አዩዋት። እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው ስል ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሦስተኛ ማርሽ አንዳንዴ ይተፋል፤ በራሱ ይወጣል» አሉኝ። «አልነገርኳትም።»

ይህን ብለው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሆድ፣ በላንቴ መንገድ፣ እጃቸውን እያውለበለቡ። ከገዢ የሚሸሽ ሻጭ ብዙ አይቻለሁ። ገዢ የሚያሳድድ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ኮፍያቸው ወደቀ፤ ዞር ብለውም አላዩት። አንሥቼ ተከተልኳቸው።