በቆቦ ፀሐይ የረጠበ ሽማግሌ

ሰው በሽታው ስም ካልተገኘለት ማንም አያዝንለትም። «ደክሞኛል» ብለህ ብትጋደም ሚስትህ ራሷ «ተነስና ፍየሎቹን አስገባ» ነው የምትልህ። በሽታህ ስም ያለው እንደሆነ ግን ትራስ ይጨመርልሃል፤ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ፍየሎቹም በራሳቸው ይገባሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከምሳ በኋላ ሲደክመኝ ኖሬ አንድ ትራስ ያላገኘሁት ለዚህ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ጣልኩና በሽታዬን መሰየም አቅቶኝ «ሰነፍ» ተብዬ ቀረሁ።

ዘንድሮ ግን ተሳካልኝ። ያውም የቻይና በሽታ!

ጎረቤቴ ሰይድ መንገድ ከሚሠሩ ቻይኖች ጋር የውሃ ቦቴ ሲነዳ ከርሞ መጣ። ሹፌር ሆኖ ሄዶ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ ብትሉ ይቀላል። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዴ ደጄ ላይ ተጋድሜ አየኝና፣

«አያ ደርበው፣ ምሳ ከበላህ በኋላ እግርህ ይከብድሃል?» አለኝ።

«ይከብደኛል።»

«ጭንቅላትህስ በጋቢ የተጠቀለለ ይመስልሃል?»

«አንተ! ማን ነገረህ?»

«ምላስህን አውጣ።»

አወጣሁ። በስልኩ መብራት አገላብጦ አየና እንደ ትልቅ ዶክተር ራሱን ነቀነቀ። ምላሴ ነጭ ለብሷል፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጥርሴ ታትሞበታል። «ርጥበት ነው» አለ። «ሰውነትህ ውስጥ ርጥበት ገብቷል።»

እስቲ ፍረዱኝ። ያለሁት ቆቦ ነው! ማሽላችን ዝናብ ሲጠብቅ ቆሞ የሚደርቅበት፣ ግመል እንኳ ጥላ የሚሻማበት፣ ውሃ ፍለጋ መሬት በማሽን የሚቦረቦርበት አገር። ለካ ውሃው የሄደው እኔ ሆድ ውስጥ ኖሯል።

ጥፋተኛው፣ ቻይኖቹ እንደሚሉት፣ ጣፊያ ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲበዛበት ይሰንፋል፤ እሱ ሲሰንፍ ርጥበቱ ይተኛል። (ሰነፉ እኔ ሳልሆን ጣፊያዬ መሆኑን ልብ በሉልኝ።) መድኃኒቱ ያን ሁሉ ትቶ የተቆላ ገብስ አፍልቶ መጠጣት፣ ዱባ፣ ዝንጅብል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሾ መብላት ነው። ማሾ! እኛ ዘርተን፣ አጭደን፣ በጆንያ ለነጋዴ አስረክበን ፊታችንን የምናዞርባት አረንጓዴ ፍሬ!

ባለቤቴ ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ሳቋ ሦስተኛ ቤት ድረስ ተሰማ። «ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ሥጋ የለም? ሰውዬ፣ ይሄ'ኮ ጾም ነው! ሁዳዴ በመጣ ቁጥር 'ጨጓራዬን' ስትል ኖረህ፣ ለቻይና ገና በፋሲካው ማግስት ያዝክላት?»

ትራሱን ግን ጨመረችልኝ።

እንግዲህ ይህ መድኃኒት ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ነው ለሽምግልና ጎብዬ የሄድነው። የእህቴ ልጅ ሞላ የጎብዬዋን ሰርካለምን ወዶ እንቅልፍ ካጣ ከርሟል። አባቷ አቶ ካሳው ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ብለው መልሰውናል። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከሦስት በላይ የሄደ ሽማግሌ ለማኝ ነው የሚባለው። ሞላ ሚኒባሱ በር ድረስ ሸኝቶኝ እጄን ያዘና «አጎቴ፣ በሞቴ፣ ቀልድህን እዚሁ ቆቦ ትተህልኝ ሂድ» አለኝ። ዓይኑን ሳይ መቀለድ አስጠላኝ።

ሦስት ነን፤ የሰፈራችን ቄስ መምሬ፣ ሰይድና እኔ። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም። እሺ ከተባለ በኋላ ደግሞ የቀረበለትን ሳይቀምስ አይወጣም። ቆምን። መምሬ እንደ ቅዳሴ አስረዝመው ተናገሩ። አቶ ካሳው «እሺ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ተመስገን ብለን ተቀመጥን። የልጅቷ እናት ወይዘሮ አልማዝ አረፋው ያልበረደ ወተት በዋንጫ ይዘው ወጡና መጀመሪያ ለእኔ ዘረጉ።

አፌ ቀደመኝ።

«ይቅርብኝ፤ ወተት አልጠጣም።»

ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ልጅ የለመነ ሰው፣ ሲሰጡት ወተታቸውን ገፋ! በእኛ አገር ይሄ «ልጃችሁም ትቅርብኝ» ማለት ነው። መምሬ በመቋሚያቸው እግሬን ወጉኝ።

«ጾም ነው እንዴ? በበዓለ ሃምሳ?» አሉ አቶ ካሳው።

«ጾም አይደለም፣ ርጥበት ነው።»

«የምን ርጥበት?»

«ሰውነቴ ውስጥ ያለ።»

«በዚህ ድርቅ?!»

«በዚህ ድርቅ።»

ወይዘሮ አልማዝ ፊታቸው ተቀያየረ። «ወተቴን የተጸየፈ ልጄን ሊያከብር ነው? ካሳው፣ ቃልህን መልስ!» የሞላ ዓይን መጣብኝ። ርጥበቱም ገደል ይግባ ብዬ ዋንጫውን ልቀበል እጄን ብዘረጋ፣ ሴትዮዋ ወደ ደረታቸው ሳቡት። «አሁንማ አልሰጥዎትም!»

ያኔ ሰይድ ብድግ አለ። «ወላሂ ውሸት አይደለም! ምላሱን ይዩት!»

ምን ላድርግ? ልጅ ልጠይቅ በሄድኩበት ቤት፣ በአባትየው ፊት፣ ይህን የሚያህል ምላሴን ዘርግፌ ቁጭ አልኩ። አቶ ካሳው ጎንበስ ብለው አዩ። ቆይተው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ከምሳ በኋላ ይከብድዎታል?» አሉኝ።

«እግሬ አይነሳም።»

«ጭንቅላትዎስ?»

«ጋቢ ውስጥ ነው።»

ሰውዬው እንደተበደለ ሰው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አልማዝ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰነፍ እያልሽ የምትሰድቢኝ'ኮ ርጥበት ኖሮብኝ ነው!» ብለው የራሳቸውን ምላስ አወጡ። ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊት ምላስ ለምላስ ተያየን። መምሬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ለጸሎት ይሁን ለሳቅ እስካሁን አልነገሩኝም።

ወይዘሮ አልማዝ ግን በምላስ የሚታለሉ ሴት አይደሉም። መድኃኒቱ ማሾ መሆኑን ከሰይድ አጣሩና «በሽተኛ ከሆነማ መድኃኒቱን ይጠጣ» ብለው ጓዳ ገቡ። ማሾውን ቀቅለው፣ ጨው ሳይነካው፣ ዝንጅብል ብቻ ጥለውበት፣ በዚያው ዋንጫ አፍ እስከ ገደፉ ሞልተው አመጡና ራሴ ላይ ቆሙ። ጠጣሁ። የክረምት ጎርፍ ከነደለሉ የጠጣችሁ እንደሆነ ጣዕሙን ታውቁታላችሁ። «እስከ ታች!» አሉ። ፍሬውን በጣቴ ጠርጌ ጨረስኩ። ዋንጫውን ገልብጠው አዩና እልልታውን አቀለጡት።

ሞላ አገባ። ራያ ውስጥ በማሾ ውሃ የታጨች ልጅ ከሰርካለም በፊት ነበረች ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ርጥበቱ ወጣ ወይስ አልወጣም? እኔ ምኑን አውቄ! የጤና ጣቢያዋ ልጅ ግፊቴን ለክታ «ጋሼ፣ ምሳ ይቀንሱና ትንሽ ይራመዱ» አለችኝ፤ እሷ ደግሞ ስም አታወጣም። እኔ ከጎብዬ በተመለስኩ በሳምንቱ ጥሩነሽ ቅቤ ስታነጥር ሽታው ጠራኝና ከጣፊያዬ ጋር ታረቅን። አቶ ካሳው ግን ጸኑ። ቀለል ብሎኛል ይላሉ፤ በየጠዋቱም የምላሳቸውን ፎቶ በስልክ ይልኩልኛል። እኔም ቅቤ የነካ ጣቴን ጠርጌ «በጣም እየጠራ ነው» ብዬ እመልሳለሁ።

ሰርካለም እርጉዝ ናት፤ ጎብዬ መመላለሱ በዝቷል። በሄድኩ ቁጥር ያቺ ዋንጫ በማሾ ውሃ ተሞልታ ትጠብቀኛለች። ወተት እንደምጠጣ ከተሰማ ደግሞ ያን ቀን የገፋሁት ጤነኛ ሆኜ ነው ማለት ነው፤ ዝምድናው ያኔ አለቀለት። ስለዚህ በጎብዬ የምታልፉ አንባቢዎቼ፣ አንድ ሽማግሌ አስቁሞ «አያ ደርበው እንዴት ነው?» ቢላችሁ፣ አደራ፣ «እንደረጠበ ነው» በሉልኝ።