በሬው እስኪያውቀኝ

የነቢያት ቃል ደስ የሚለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለሌላ ሰው ሲነበብ ነው። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። ኢሳይያስ ላይ ስደርስማ ማን ይችለኛል! በሬ እንኳ የገዛውን ያውቃል፣ እናንተ ግን ፈጣሪያችሁን አታውቁም እያልኩ ምእመኑን አንገት አስደፋለሁ። አንዴ አንዲት እናት አልቅሰዋል። አቤት ያን ቀን የኮራሁት ኩራት!

ታዲያ ደርግ በወደቀ ማግሥት አንድ ጥጃ ገዝቼ ጫኖ ላሉ ገበሬ፣ ለአቶ ሻንቆ ሰጠሁ። እሳቸው ሊያሳድጉ፣ ሲደርስ ሊያርሱበት፣ በአራተኛው መስቀል እኔ ልወስደው። የቢሮ ሰው ከብት የሚያረባው እንዲህ ነው፤ በሰው ጉልበት። እርግጥ ብቅ እያልኩ አየዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ጫኖ ሩቅ ነው። በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ቢሆንም ሩቅ ነው።

አራተኛው መስቀል ሲቃረብ ሠፈሬ የቅርጫ በሬ ፍለጋ ይራወጣል። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ አታስቡ፣ በሬ አለኝ አልኩ። መስቀል ደግሞ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው ነው የሚከርመው።

ጫኖ ስደርስ አቶ ሻንቆ በሬውን አልሰጥም አሉ። ሌላ ጥጃ አሳድግልሃለሁ፣ ይሄን ግን አታርደውም፤ ጥማዴ ከፈረሰ በምን አርሳለሁ፣ ልጆቼስ ምን ይበላሉ አሉ። ጉድ እኮ ነው! ውል የት ሄደ? ሽማግሌ ተጠራ።

ሽማግሎቹ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሳር ይዘው ተቀመጡ። እኔም አፌ አላርፍ አለኝና ነቢዩን ምስክር ጠራሁ። «አባቶቼ፣ በሬ የገዛውን ያውቃል ተብሎ ተጽፏል!» አልኩ። እንዲያው ምን አስቀባጠረኝ? በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ፈገግ አሉና «እንግዲያው ይጠየቃ» አሉ።

እኔን በወዲህ፣ አቶ ሻንቆን በወዲያ አቁመው በሬውን መሀል ለቀቁት። ቀና ብሎ አየኝ። ልቤ ዘለለች። «ና፣ ና እንጂ!» አልኩት፤ ስም እንኳ አላወጣሁለትም። አቶ ሻንቆ ቀስ ብለው «ዳማ» አሉ። ሄዶ አፍንጫውን ብብታቸው ውስጥ ወሸቀ።

የሚያበላውን ቢያውቅ ምን ይገርማል፣ የገዛሁት እኔ ነኝ ብዬ ተከራከርኩ። ሽማግሌው ግን አቶ ሻንቆን፣ ለመሆኑ ታሞብህ ያውቃል? ብለው ጠየቁ። አዎ፣ ገንዲ ይዞት መነሳት አቅቶት ነበር፤ ሳር በእጄ እያጎረስኩ፣ ውሃ በጣሳ እያጠጣሁ ነው የተረፈው አሉ። ለባለቤቱስ አልላክህበትም? ልኬ ነበር፤ «ከሞተ ቆዳውን አስቀምጥልኝ» የሚል መልስ መጣ አሉ።

ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። ብዬ ነበር። ምን ልዋሽ፣ ብያለሁ። ያን ጊዜ አፈርኩ፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለ በሬ እንዳልነበረም ያኔ ገባኝ። አስተማሪው እኔ!

ሽማግሎቹ ግን ጨዋ ናቸው። በሬው ያንተ ነው፣ የተጻፈውን አንክድም አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ሳር አጭደህ አብላው፤ ያወቀህ ዕለት ይዘኸው ትሄዳለህ ብለው ፈረዱ።

ያን መስቀል ሠፈሬ በጎመን ዋለ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማጭዴን ይዤ ጫኖ ነኝ። ጫኖም ቅርብ ሆኗል። ዳማ ጎልምሷል፣ እያረሰ ነው፣ እኔንም እንደ አጥር እንጨት ያየኛል። ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። ባለፈው ቅዳሜ ሳሩን አስቀምጬለት ዞር ስል ጭራውን ነቀነቀልኝ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!

አቶ ሻንቆ ዝንብ ነው ይላሉ።