ሁለት መቶ አስራ ሁለት መቀስ

(ጠባብ የስፌት ክፍል። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ጨርቅ ይዘረጋሉ። የታናሽ እህታቸው ባል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። በኢንተርኔት በቀጥታ የሚተላለፈው የሸሚዝ ስፌት ትምህርታቸው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።)

ልብስ ሰፊው፦ አፍ አለኝ አይደል? «ቁረጡ» እላለሁ፣ ይቆርጣሉ። በቃ!

አማቹ፦ አይሆንም አልኩ ጋሼ! የእርስዎ ድምፅ አንዱ ጋ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ጋ ይዘገያል። ለዚህ ነው የራሴን ኢቨንት የሠራሁት።

ልብስ ሰፊው፦ ኢቨንት? ድንኳን የሚተክሉት፣ ወንበር የሚደረድሩት?

አማቹ፦ (ግንባሩን እየመታ) ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ምልክት ማለት ነው። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያውቀው «ተጀመረ» እና «አለቀ» ማለትን ብቻ ነው። እኔ «ለኩ»፣ «ቁረጡ»፣ «ስፉ» የሚሉ ጨመርኩበት። ቁልፉን ስጫን የተገናኙት ደንበኞች ሁሉ ስልካቸው ይጮኻል፣ ጽሑፉም ይወጣላቸዋል።

ልብስ ሰፊው፦ (ደንግጠው) ደንበኞቼ ተገናኙ?

አማቹ፦ ሁሉም ተገናኝተዋል።

ልብስ ሰፊው፦ እርስ በርሳቸው? አለቀልኝ! እያንዳንዳቸውን «ያንተን ነው የማስቀድመው» ብዬ ነው የሸኘሁት እኮ!

አማቹ፦ የሱቅዎን ደንበኞች አላልኩም! በእኛ ሙያ ደንበኛ የሚባለው በስልኩ የገባው ተማሪ ነው። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ናቸው። ጨርቃቸውን ዘርግተው፣ መቀሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ልብስ ሰፊው፦ ተመስገን። ግን ሁለት መቶ አስራ ሁለት ጊዜ ስትጫን ጣትህ አይላጥም?

አማቹ፦ አንዴ ብቻ! አንዴ ስጫን ለሁሉም ይበተናል።

ልብስ ሰፊው፦ ዘግይቶ ለገባውስ?

አማቹ፦ ሲላክ ያልነበረ ሰው አይደርሰውም።

ልብስ ሰፊው፦ እንዴ! «ለኩ» ያመለጠው ሰው «ቁረጡ» ላይ ቢደርስ፣ ሳይለካ ሊቆርጥ ነው?

አማቹ፦ (ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ) ጋሼ፣ እርስዎ መቀስዎን ይያዙ። የእኔን ለእኔ ይተዉልኝ።

ልብስ ሰፊው፦ መጠየቅ ነውር ሆነ እንዴ? ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም ብዬ ነው።

አማቹ፦ እሺ፣ እንዲገባዎት ሙከራ ላሳይዎት። ወደ እኔ ስልክ ብቻ ነው የምልከው። «እጅጌውን ከክርን ላይ ቁረጡ»... ይኸው! (ይጫናል። ስልኩ ይጮኻል።) አዩ? መብረቅ ነው!

ልብስ ሰፊው፦ ሙያ በልብ ነው፣ አትጩህብኝ። (ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው) ይሄ «ለሁሉም» የሚለው ለምንድን ነው ቀይ የሆነው?

አማቹ፦ የቱ? (ዓይኑ ይፈጣል) ወይኔ!

ልብስ ሰፊው፦ (መነጽራቸውን አስተካክለው እያነበቡ) «ቆርጫለሁ መምህር።» «እኔም ጨረስኩ፣ ቀጥሎስ?» «የቀኙን ነው የግራውን?» ይቺ እንኳ አስተዋይ ናት።

አማቹ፦ አለቅን! ትምህርቱ ረጅም እጅጌ ነበር እኮ! ላጥፋው ጋሼ፣ መብራት ሄደ እንበል!

ልብስ ሰፊው፦ ብታጠፋው ጨርቁ ይቀጠላል? ተነሳ እስቲ። (በአንድ ጣት ቀስ እያሉ ይጽፋሉ።) «አይ... ዟ... ችሁ። ዛሬ የምንሰፋው አጭር እጅጌ ነው። የተቆረጠውን ለኪስ አስቀምጡት።» (ይጫናሉ።)

አማቹ፦ ጋሼ! ይሄን ማን አስተማረዎት?

ልብስ ሰፊው፦ አንተ። ስታበላሽ አየሁህ። (እያነበቡ) «እናመሰግናለን መምህር፣ ሙቀቱ ገድሎን ነበር።» ይኸው፣ ወደዱት!

አማቹ፦ (ላቡን እየጠረገ) ተረፍን። አንድም ሰው አልተጎዳም ማለት ነው።

(ስልኩ ይጠራል።)

አማቹ፦ ሄሎ፣ የኔ እመቤት... ምን? አንቺም እዚያ ውስጥ ነሽ?... ከመቼ ጀምሮ?... የትኛውን ጨርቅ? (ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።)

ልብስ ሰፊው፦ ምነው? እህቴ ደህና አይደለችም?

አማቹ፦ እሷስ ደህና ናት። በድብቅ ከእርስዎ እየተማረች ልታስደንቀኝ ኖሯል። የሸሚዝ ጨርቅ ስታጣ «እጅጌ ያው እጅጌ ነው» ብላ፣ ለሹመቴ ቀን የገዛሁትን የሱፍ ኮት...

ልብስ ሰፊው፦ ከክርን ላይ?

አማቹ፦ ከክርን ላይ። ሁለቱንም።

ልብስ ሰፊው፦ (ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው) በል ክንድህን ዘርጋ።

አማቹ፦ ከእንግዲህ ምን ይለካል ጋሼ? ኮቱ እንደሆነ አልቆለታል!

ልብስ ሰፊው፦ ኮቱማ በአጭሩ ተቀጨ። የምለካህ ለጓንት ነው፤ ከተቆረጠው እጅጌ እስከ ክርን የሚደርስ ይወጣልሃል።