ሃያ ዓመት ሙሽራ

የትኛውም ቲያትር ቤት ብትገቡ፣ አርባኛ ዓመቷን በር ላይ አቁማ «ቆይ፣ እየለበስኩ ነው» የምትል አንዲት ተዋናይት አታጡም። የእኛዋ ደግሞ ብሶባት ሃምሳንም ጭምር በር ላይ አቁማዋለች። ስሟን አልናገርም፤ አትወድልኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሆና ስትጫወት ስለኖረች ከአዘጋጁ እስከ በር ጠባቂው ሁላችንም «ሙሽሪት» እንላታለን።

እኔ አስታዋሽ ነኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ፣ ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሹክ እላለሁ። ቤተሰቦቼ ይሄ እንዴት ሥራ እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ከሙሽሪት ጋር የቆየ ስምምነት አለን። እጇ የአንገት ሀብሏን ከነካ ቃሉ ጠፍቷታል ማለት ነው፤ ሹክ እላለሁ። ካልነካ ግን ዝምታው የራሷ ነው፤ ትንፍሽ አልልም። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ዝምታዋን አበላሽቼባት ሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች።

ክብርት ሙሽሪት ለሁሉም ነገር አንድ መልስ አላት፦ «መብራቱ ነው!» ፎቶ ላይ ግንባሯ ተሸብሽቦ ከወጣ መብራቱ ነው። የመድረኩን ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ከጮኸም መብራቱ ነው። ልብስ ሰፊያችን የሙሽራ ቀሚሷን ወገብ ልታሰፋ መርፌ ይዛ ብትመጣ፣ «ጨርቁን እኮ የመብራቱ ሙቀት ነው ያኮማተረው» ብላ አስተምራ መለሰቻት።

ዘንድሮ የአዲሱ ቲያትር ተዋንያን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ራሷ ሄዳ ማንበብ ስለፈራች እኔን ላከችኝ። ሙሽራዋ ሌላ ልጅ ሆናለች። የእሷ ስም «የሙሽራዋ እናት» ከሚለው አጠገብ ነበር።

«በየትኛው መብራት ነው ያነበብሽው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ እጇን ስይዛት በረዶ ሆኗል።

ልምምዱ እስከ ሦስተኛው ትዕይንት ደህና ሄደ። እዚያ ላይ እናትየዋ ሙሽራዋን አቅፋ «ልጄ፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ» ማለት አለባት። ሙሽሪት እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ አፏ ይከፈታል፣ ቃል ግን የለም። እጇ ወደ ሀብሉ ይሄዳል፣ እኔም ሹክ እላለሁ። በማግስቱም ያው፣ በሦስተኛው ቀንም ያው። በአምስተኛው ቀን አዘጋጁ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ የቲያትሩ ምርቃት ላይ ከጠፋብዎት ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አይቀየሙኝ።»

«እትዬ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። እኔን ይዛኝ መኳኳያ ክፍል ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። መስታወቱ ዙሪያ ካሉት ስምንት አምፖሎች ስድስቱን ከነቀለቻቸው ቆይቷል፤ በቀሩት ሁለቱ እንኳ ፊቷ አመድ መስሎ ይታየኛል።

«እናቴን የጀመራት እንዲህ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ቃል ጠፋት። ከዚያ ቁልፍ። በመጨረሻ እኔ ጠፋሁባት። ‹አንቺ ሴትዮ፣ የማን ነሽ?› ትለኝ ነበር።»

«አንቺ እኮ ጽሑፉን በሙሉ በቃልሽ ይዘሽዋል። የምትጠፋሽ አንዷ መስመር ብቻ ናት።»

«እሱስ?»

እሱ የምትለው የመድረክ ዕቃ የሚሠራልንን አናጺ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ዓመታት ያለፉት፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ ሰው ነው። እንጋባ ብሎ ከጠየቃት ሁለት ወሩ፤ እሷም «ከምርቃቱ በኋላ» እያለች ቀጠሮ ታስረዝማለች።

«አርባ ሦስት ዓመቴ ነው ብዬዋለሁ» አለች። «ልንፈራረም ስንሄድ ሊሰማ ነው። ደግሞስ አንድ ቀን እሱንም ‹አንተ ሰውዬ፣ የማን ነህ?› ብለውስ? ፈራሁ፣ እህቴ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።»

መብራቱ ነው ልላት አስቤ አፌ ላይ ቀረ። እኔም ፈርቼ ነበር። አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ የምትደብቀው ዕድሜ የእኔም ነው።

ምርቃቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሷን ትተካለች የተባለችው ተዋናይት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አዘጋጁ አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል፤ አናጺው ከማዶ ቆሟል፣ መዶሻው ከእጁ አልወረደም። እኔ ጣቴን መስመሯ ላይ ተክዬ ስጠብቅ ላቤ ወረቀቱን አራሰው።

ሙሽራዋን አቀፈቻት። አፏ ተከፈተ። «ልጄ…» አለች፣ ዝም አለች። እጇ ቀስ እያለ ወደ ሀብሉ ሄደ።

ሹክ ልል ስል ድምፄ አልወጣ አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። በድንጋጤ ኃይል ጨምሬበት ኖሮ ድምፄ ከመጋረጃው አልፎ አዳራሹን ሞላው፦

«እኔ እኮ አርጅቻለሁ!»

ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ተመልካች ድምፄን ሲሰማ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሙሽሪት ወደ መጋረጃው ዞራ በክፍተቱ አየችኝ፤ ብዙ ቆይታ አየችኝ። ከዚያ እጇን ከሀብሉ ላይ አወረደችና፣

«እኔም» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የቀረውን አንዲት ቃል ሳትስት ጨረሰችው። እኔ መስመሯን መከተል አልቻልኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ይህንን ለማንም አትንገሩብኝ። አዘጋጁ ደግሞ ነገሩን ወዶት በጽሑፉ ውስጥ አስገባው፤ አሁን ቲያትሩ በታየ ቁጥር ከመጋረጃ ጀርባ ማርጀቴን እየጮህኩ አውጃለሁ።

ያን ሰሞን የእናቷን ነገር ለአናጺው አጫወተችው። «የረሳሽኝ ቀን ስሜን ሹክ እልሻለሁ» አላት። ዕድሜዋን ግን አሁንም አልነገረችውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለጋብቻ ምዝገባ ሲሄዱ ምስክሯ እኔ ነበርኩ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ «ዕድሜ?» አለች። የሙሽሪት እጅ ወደ ሀብሏ ሄደ። ዓይኗ እኔ ላይ ተተከለ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ሀብሉ ተነክቶ ዝም ስል በሕይወቴ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሃምሳ አንድ» አለች።

አናጺው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ በዓይኔ ለክቼ ሃምሳ ብዬ ነበር። በአንድ ሳትኩ።»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት። «አይመስሉም እኮ፣ እትዬ!»

ሙሽሪት እጇን ከሀብሏ ላይ አወረደች።

«መብራቱ ነው፣ ልጄ» አለቻት።