በጥርስ የተያዘ ትዕግሥት

ትዕግሥትን በጥርሳቸው ነክሰው የሚይዙ ክርስቲያኖች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዷን አውቃለሁ፤ የእናቴ ጓደኛ እትዬ አልማዝ ናቸው። ባለንበት የዐረብ አገር፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ይሠራሉ። “ከእንግዲህ አልቆጣም፤ ቆርጫለሁ!” ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ከረሙ። ጌታን “እርዳኝ” ማለትማ የደካሞች ነው! እሳቸው እያሉ እሱን ምን ያደክመዋል?

አርብ በዕረፍታችን ቀን፣ ጀብራ ሰፈር ወዳለው ጸሎት ቤታችን በራክሻ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ስንሄድ፣ ስለዚሁ ትዕግሥታቸው ሊመሰክሩ ተዘጋጅተው ነበር። ሾፌሩ መታጠፊያውን አለፈው። እትዬ ፈገግ አሉ። ዞሮ መጥቶ ደገመው። “አላህ ይባርክህ” አሉት፤ አባባላቸው ግን ከእርግማን ይብስ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልፈው “ያ ዞል! አንተ ሰውዬ!” ብለው ጀመሩና የሁለት ሳምንቱ ቁጣ በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ላይ ወረደበት። ምስኪኑ ሰውዬ ሞተሩን አጥፍቶ ራሱን ያዘ።

እትዬ አፍረው ይቅርታ ጠየቁት።

“እንግዲህ ምስክርነቱ ቀረ በሉኛ?” አልኳቸው።

“ዝም በይ አንቺ! የምናገረውን ያገኘሁት ገና አሁን አይደል?”

ጸሎት ቤት ገብተው ቆሙ። “ወገኖቼ፣ በራሴ ጉልበት የቻልኩት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጌታ ይያዘኝ፤ ጸልዩልኝ” አሉ።

እንደዚያን ቀን ጮኸን አሜን ብለን አናውቅም።