ሌላዋን የት ደበቅሻት?

ለሚስቴ ያልነገርኳትን ሕልም ትናንት አየሁ።

ጋምቤላ፣ አማርኛ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጥቁር ሰሌዳው ነጭ፣ ጠመኔው ጥቁር ሆኗል። እኛ መምህራን ሦስት ሦስት እየሆንን ዴስክ ላይ ታጭቀናል፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። ከፊት ቆማ የምታስተምረን ኛማል ናት።

ኛማልን ሐሙስ ዕለት ከክፍል ያባረርኳት እኔ ነኝ። የኑዌር ልጅ ናት፤ አማርኛ የጀመረችው ዘንድሮ ነው። "ቲቸር፣ ቾክ ወድቆብሻል" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ደግሞ ሁለት ሰው አብሮ ከሳቀ በእኔ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ጢም ያሳደግኩት "አንቺ" ልባል ነው? "ወላጅሽን ሳታመጪ እንዳትገቢ!" አልኳት። ሰኞ ፈተና እንዳለ እያወቅኩ ነው ያልኳት።

በሕልሜም ሰኞ ነው፤ የፈተና ወረቀት ይታደላል። ኛማል እኔ ጋ ስትደርስ ብድግ አልኩና "እርስዎ፣ ለእኔም ይስጡኝ" አልኩ።

ኛማል ወረቀቱን ወደ ኋላ ሳበች።

"እርስዎ?" አለች። "ስንት ሆኜ ታየሁሽ?"

"አንድ።"

"ታዲያ 'ይስጡኝ' ምንድን ነው? እነማን ናቸው የሚሰጡሽ? ሌላዋን የት ደበቅሻት?"

የሒሳብ መምህሩ ዴስክ ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። የስፖርት መምህሩ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ዘበኛው ኪሴን በረበረ። ማንንም አላገኙም፤ አለማግኘታቸው ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

"የለመደ እጅ ነው፤ ደህና አድርጎ ነው የደበቃት" አለ የሒሳቡ። ሐሙስ አብሮኝ ሻይ የጠጣ ሰው ነው!

"አክብሬ ነው" አልኩ።

"አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ማክበር አለ?" አለች ኛማል።

"በእኛ ዘንድ..."

"ወላጅሽን ሳታመጪ እንዳትገቢ!"

በሩን ስከፍት አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከመንዝ ድረስ በቅሎውን ተሸክሞ መጥቷል፤ በቅሎዋ ጃንጥላ ይዛለታለች። አባቴ በሕይወቱ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ አያውቅም። አሁን ባርኔጣውን አውልቆ ለኛማል እጅ ነሣ።

"እመቤቴ፣ ልጄን ይማሩልኝ" አለ።

"ይማሩልኝ አለ!" ብሎ ክፍሉ ጮኸ። "ይኸው! ከዘሩ ነው!"

አባቴ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ባርኔጣውን እያሻሸ ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ሰው እንኳ ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠይቀውም? ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ።

ነቃሁ። የሚንኳኳው የቤቴ በር ነው። ነግቷል፤ ሰኞ ነው። ስከፍት ኛማልና አንድ ረጅም ሰውዬ ደጅ ላይ ቆመዋል። የሰውዬው እግር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

"ቲቸር፣ እንደምን አደርሽ? ልጄን ማሪልኝ።"

ከኋላዬ ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። ኛማል ደንግጣ ወደ አባቷ ጆሮ ተንጠራራችና በቋንቋቸው ረዘም አድርጋ አንሾካሾከችለት። የገባው መሰለኝ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ ቤት ውስጥ ተመለከተና፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣

"ሁለታችሁም ማሩልኝ" አለ።